ኦገስት ቫይስማን እና የእርጅና ጥያቄ

ኦገስት ቫይስማን እ.ኤ.አ. በ1834 በፍራንክፈርት ጀርመን ተወለደ። ሕክምና ተምሮ ወደ ሥነ እንስሳት ዞረ፤ በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲም አስተማረ። ዓይኑ ታሞ ማይክሮስኮፕ ሲያስቸግረው ወደ ንድፈ ሐሳብ አዘነበለ። በ1881 ሳልዝቡርግ ላይ እንስሳ ለምን ያረጃል ብሎ ጠየቀ። እንደሱ አባባል፣ አካል ዘሩን አስተላልፎ ልጆቹን ካሳደገ በኋላ ለዝርያው ብዙም አይጠቅምም።

ታዲያ መውለድ ዕድሜ ያሳጥራል ማለት ነው? የንብን ነገር እሱም አንስቶታል። እዚህ ሲሬ ንብ የሚያነብ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አውራዋ በቀን እስከ ሁለት ሺህ እንቁላል እየጣለች ዓመታት ትኖራለች፤ የማትወልደው ሠራተኛ ግን ሥራ በሚበዛበት ወቅት ከጥቂት ሳምንታት አታልፍም። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት አውራዋ ከቀፎ ብዙም ሳትወጣ የሚመግቧትና የሚጠብቋት መኖራቸው ነው።

ቫይስማን በ1914 ሞተ። ተከታዮቹ «ለዝርያው ጥቅም» የሚለውን ሐሳቡን ትተው፣ የዘር ሕዋስን ከአካል ሕዋስ መለየቱን ግን ይዘውለታል።