ራስላስን የጻፈው ሳሙኤል ጆንሰን

ትምህርቴን ልፈጽም ጥቂት ወራት ስለ ቀሩኝ፥ ምን ዓይነት ኑሮ ብመርጥ ደስታ አገኛለሁ እያልኩ ሳስብ የሳሙኤል ጆንሰንን ታሪክ አነበብኩ።

ጆንሰን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1709 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሊችፊልድ ከተማ ከመጽሐፍ ነጋዴ ተወለደ። ኦክስፎርድ ገብቶ ገንዘብ ቢያጣ ትምህርቱን አቋረጠ። የከፈተውም ትምህርት ቤት ተማሪ በማነሱ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ሎንዶን ሄዶ በብዕሩ አደረ፤ በ1755 ዓ.ም. ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ።

በ1759 ዓ.ም. እናቱ ሞቱበት። ለቀብራቸው ወጪ ይሆነኛል ብሎ፥ ሁሉ ከሞላበት ሸለቆ ወጥቶ ደስታን የሚፈልገውን የሐበሻ ልዑል የራስላስን ታሪክ ጻፈ። ልዑሉም ፍጹም ደስታ ያለበትን ኑሮ አላገኘም። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ጆንሰን በ1784 ዓ.ም. ተከብሮ ሞተ።

እኔም የልቤን ባላገኝ፥ እንደ እርሱ ያገኘሁትን ሥራ በትጋት ልይዝ ቈርጫለሁ።