ሞላ የሌለው ሞተርና ሰር ሮይ ፌደን

ናይቫሻ ሐይቅ ለሽርሽር የሄደ ቤተሰብ ጉማሬውንና ወፉን አይቶ ይመለሳል። ሐይቁ እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1950 ከእንግሊዝ አገር ፖስታና መንገደኛ ይዘው የሚመጡ፣ ውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ጣቢያ እንደነበረ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የአብዛኞቹን አውሮፕላኖች ሞተር ያስገኙት መሐንዲስ ሰር ሮይ ፌደን ነበሩ።

ፌደን በ1885 ብሪስቶል ከተማ ተወለዱ። በወጣትነታቸው የነደፉት መኪና ብራዚል ስትሬከር በተባለ ፋብሪካ ሥራ አስገኘላቸው። በ1920 ይሠሩበት የነበረው ኩባንያ ሲከስር የብሪስቶል አውሮፕላን ኩባንያ ከነባልደረቦቻቸው ተረከባቸው። እዚያም ጁፒተርና ፔጋሰስ የተባሉት ሞተሮች ስማቸውን በዓለም አስጠሩ።

እነዚህ ሞተሮች እንደ መኪናችን በቫልቭ የሚተነፍሱ ነበሩ። ቫልቩን ካም ይከፍተዋል፤ ሞላ መልሶ ይዘጋዋል። ሞተሩ ሲፈጥን ግን ሞላው መከተል ያቅተዋል፤ ይደክማል፣ አንዳንዴም ይሰበራል። ፌደን ከሊዮናርድ በትለር ጋር ሆነው ቫልቩንም ሞላውንም አስወጡ። በምትኩ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ባለ ቀዳዳ የብረት ቱቦ አስገቡ። ቱቦው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲንቀሳቀስ ቀዳዳዎቹ ከሲሊንደሩ ቀዳዳዎች ጋር እየገጠሙ ነዳጅና አየር ያስገባሉ፣ ጭስ ያስወጣሉ።

ሐሳቡ ቀላል፣ ሥራው ከባድ ነበር። ቱቦው ፍጹም ክብ ካልሆነ ሞተሩ አይበረክትም። መጀመሪያ እያንዳንዱ ቱቦ በእጅ ተስተካክሎ ይገጠም ስለነበር፣ በብዛት ማምረት እስኪቻል ዓመታትና ብዙ ገንዘብ ፈጀ። በ1932 ፔርሲየስ፣ ቀጥሎም ሄርኩለስ ተሠሩ። ሄርኩለስ ብቻ ከ57,000 በላይ ተመረተ።

በ1942 ፌደን የሰርነት ማዕረግ ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመት ግን ከኩባንያው ኃላፊዎች ጋር ባለመስማማታቸው ከደከሙበት ቤት ወጡ። ያም ሆኖ አልተቀመጡም፤ በ1946 የተከፈተው የክራንፊልድ የአቪዬሽን ኮሌጅ እንዲቋቋም ብዙ ጥረዋል።

ሞተራቸውም ያለ እሳቸው መብረሩን ቀጠለ። ከ1948 እስከ 1950 ሶለንት የተባሉት የውኃ ላይ አውሮፕላኖች በሄርኩለስ ኃይል የናይልን ሸለቆ ተከትለው በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ይመላለሱ ነበር። በ1946 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገዳችን ዳኮታዎች በበኩላቸው ባለ ቫልቭና ባለ ሞላ ነበሩ። በኋላ ጄት መጥቶ ሁለቱንም ከረጅም በረራ አስወጣቸው።

ሰር ሮይ በ1973 አረፉ። ያስጨነቃቸው ጥያቄ ግን አብሯቸው አልተቀበረም፤ ዛሬ የፎርሙላ ዋን መኪኖች ቫልቫቸውን የሚዘጉት በብረት ሞላ ሳይሆን በታመቀ ጋዝ ነው።