ተፈጥሮን በሚዛን የመረመረው ግብር ሰብሳቢ

ባለፈው ሳምንት አንድ ምሽት ልጄ የሳይንስ ደብተሯን ይዛ መጣችብኝ፡፡ የቤት ሥራው አጭር ነበር፡፡ ወርቅ፣ ውኃ፣ አየር፣ የገበታ ጨውና የተፈጨ በርበሬ ተዘርዝረው የትኛው ንጥረ ነገር፣ የትኛው ውህድ፣ የትኛው ድብልቅ እንደሆነ ለዩ ይላል፡፡ እኔ የሒሳብ መርማሪ ነኝ፤ ከኬሚስትሪ ጋር ከተለያየን ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖናል፡፡ ቢሆንም ወርቅ ንጥረ ነገር፣ ጨውና ውኃ ውህድ፣ በርበሬና አየር ደግሞ ድብልቅ መሆናቸውን አልረሳሁም፡፡ ልጄ ግን በዚህ አልረካችም፡፡ ውኃም አየርም ሲያዩዋቸው አንድ ወጥ ሆነው ሳለ፣ አንዱ ውህድ ሌላው ድብልቅ መሆኑ በምን እንደታወቀ ጠየቀችኝ፡፡ መልስ አልነበረኝም፡፡ ሸምድጄ ያለፍኩት ነገር ነው፡፡

እሷ ከተኛች በኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ አመሸሁ፡፡ ያገኘሁት ሰው ከእኔ ሙያ ብዙም የራቀ አልነበረም፡፡ አንትዋን ላቯዚዬ ይባላል፤ በትምህርት ቤታችን አጠራር ላቮይዘር የምንለው ነው፡፡

ላቮይዘር እ.ኤ.አ. ነሐሴ 26 ቀን 1743 በፓሪስ ከጠበቃ ቤተሰብ ተወለደ፡፡ እናቱን በሕፃንነቱ አጣ፡፡ የአባቱን ፈለግ ተከትሎ ሕግ ቢማርም ልቡ ሳይንስ ላይ ነበር፡፡ በ1768 በሃያ አምስት ዓመቱ ሁለት ነገር ሆነ፡፡ አንደኛ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ፡፡ ሁለተኛ ፌርም ዠኔራል በሚባለው ኩባንያ ውስጥ ድርሻ ገዛ፡፡ ይህ ኩባንያ በንጉሡ ስም የጨውና የትምባሆ ግብር፣ ወደ ፓሪስ ከሚገባው ዕቃም ቀረጥ የሚሰበስብና ከዚያ የሚያተርፍ ነበር፡፡ ሕዝቡ አምርሮ ይጠላው ነበር ማለት ይቻላል፡፡ የመጀመሪያው ነገር ስሙን ለዘላለም አቆየለት፤ ሁለተኛው ነፍሱን በላው፡፡

በ1771 የአንዱን የኩባንያው ባለድርሻ የዣክ ፖልዝን ልጅ ማሪ አንን አገባ፡፡ ሙሽሪት ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፡፡ ከጊዜ በኋላ ግን የሥራው ዋና ደጋፊ ሆነች፡፡ እንግሊዝኛ ተምራ የእንግሊዞቹን ጽሑፎች ተረጎመችለት፤ የሙከራውን መዝገብ ያዘች፤ መሣሪያዎቹን በሥዕል ነድፋ ለኅትመት አበቃች፡፡

በዚያ ዘመን ሰው ስለ ቁስ አካል የሚያስበው ከጥንት ግሪኮች በወረሰው መንገድ ነበር፡፡ መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት የሁሉ ነገር መሠረት ናቸው ይባል ነበር፡፡ እኛም አገር አያቶቻችን ስለ አራቱ ባሕርያት ሲያወሩ እየሰማን ነው ያደግነው፡፡ የአውሮፓ ሊቃውንት ከዚህ ተነስተው ውኃ ደጋግሞ ቢፈላ ወደ አፈር ይለወጣል ይሉ ነበር፡፡ ማስረጃቸው ከዕቃው ሥር የሚቀረው ዝቃጭ ነው፡፡

ላቮይዘር እዚህ ላይ የሒሳብ ሰው ሆኖ ገባ፡፡ ዕቃውንም ውኃውንም በጥንቃቄ መዘነ፡፡ በታሸገ የመስታወት ዕቃ ውኃውን 101 ቀን አፈላና እንደገና መዘነ፡፡ ከውኃው የጎደለ ነገር የለም፡፡ የጎደለው ከመስታወቱ ሲሆን፣ የጎደለውም ከዝቃጩ ክብደት ጋር የሚቀራረብ ነበር፡፡ አፈር የተባለው ከመስታወቱ ተቦርቡሮ የወጣ ነው ማለት ነው፡፡ እኛ መርማሪዎች ገቢና ወጪ አልታረቅ ሲል ሌላ መዝገብ እንደምንፈትሸው ሁሉ እሱም ዕቃውን ፈተሸ፡፡

ቀጥሎ ወደ አየር ዞረ፡፡ ባዜቃን ከተወሰነ አየር ጋር ዘግቶ 12 ቀን አሞቀው፡፡ በባዜቃው ላይ ቀይ ዱቄት ተፈጠረ፤ አየሩ ግን በስድስት አንድ ገደማ ቀነሰ፡፡ በቀረው አየር ውስጥ ሻማ ይጠፋል፤ እንስሳም ይታፈናል፡፡ ቀዩን ዱቄት ለብቻው አብዝቶ ሲያሞቀው የጎደለው አየር ተመልሶ ወጣ፡፡ በዚህኛው ውስጥ ሻማ ቦግ ብሎ ይነዳል፡፡ ሁለቱን መልሶ ሲቀላቅላቸው የተለመደው አየር ሆኑ፡፡ አየር ድብልቅ መሆኑ የታወቀው እንዲህ ነው፡፡ ዛሬ 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን፣ 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን እንደሆነ እናውቃለን፡፡ በድብልቁ ውስጥ ሁለቱም የየራሳቸውን ጠባይ እንደያዙ ናቸው፡፡

ውኃ ግን ሌላ ነው፡፡ በ1783 በእንግሊዝ የተጀመረውን ሙከራ ተከትሎ ሃይድሮጅንን በኦክስጅን ውስጥ ሲያነደው ውኃ አገኘ፡፡ በ1785 ደግሞ ከአንድ ወጣት የጦር መሐንዲስ ጋር ሆኖ የውኃ እንፋሎትን በጋለ የጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ አሳለፈ፡፡ ኦክስጅኑን ብረቱ ያዘው፤ ሃይድሮጅኑ ወጣ፡፡ ልብ በሉ፤ አንዱ የሚነድ፣ ሌላው የሚያነድ ጋዝ ነው፡፡ ሲዋሐዱ ግን እሳት የሚያጠፋ ነገር ይወጣቸዋል፡፡ የክብደታቸውም መጠን እንዳሻው አይለዋወጥም፤ ለአንድ ግራም ሃይድሮጅን ስምንት ግራም ያህል ኦክስጅን ነው፡፡ ለልጄ መመለስ ያቃተኝ ልዩነት ይኸው ነበር፡፡

በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፉ 33 ንጥረ ነገሮችን ዘረዘረ፡፡ ንጥረ ነገር ማለት እስካሁን ወደ ሌላ ሊከፈል ያልቻለ ነገር እንደሆነ አስረዳ፡፡ እስካሁን የምትለዋን ቃል ወድጄለታለሁ፤ መዝገቡን ክፍት አድርጎ ትቶታልና፡፡ በዝርዝሩ ብርሃንና ሙቀትም ነበሩበት፡፡ ኖራም ነበረበት፤ ውህድ ሳይሆን እንደማይቀር ራሱ ጠርጥሮ ነበር፡፡ በ1808 በእርግጥም ተከፍሎ ካልሲየም ተገኘበት፡፡ ዛሬ የታወቁት ንጥረ ነገሮች 118 ደርሰዋል፡፡

የሰውየው መዝገብ ግን ሁሉም ንጹሕ አልነበረም፡፡ ከቀይ ዱቄት ስለሚወጣው ጋዝ በ1774 ፓሪስ መጥቶ የነገረው እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ነበር፡፡ ስዊድናዊው ካርል ሼሌም ጋዙን ቀድሞ አግኝቶት ነበር፡፡ ላቮይዘር ለሁለቱም የሚገባቸውን ምስጋና አልሰጠም፡፡ በመዝገቡ ላይ ያልተመዘገበ ዕዳ ነው፡፡

አብዮቱ ሲመጣ የግብር ኩባንያው ሰዎች ተፈለጉ፡፡ ላቮይዘር ኅዳር 1793 ታሰረ፡፡ ከክሶቹ አንዱ በትምባሆ ላይ ውኃ ጨምረው ሕዝብ አጭበርብረዋል የሚል ነበር፡፡ የሚገርመው በተቆጣጣሪነቱ ዘመን ነጋዴዎች ትምባሆ ላይ የሚደባልቁትን አመድ በአሲድ እያጋለጠ የሚያስይዝ እሱ ነበር፡፡ አመድ ካለበት አሲድ ሲነካው ይንተከተካል፡፡ ትምባሆውን ማርጠብም በመጠኑ የሥራው ደንብ ነው፡፡ ሰሚ አላገኘም፡፡ ግንቦት 8 ቀን 1794 ከሌሎች 27 ሰዎች ጋር ተፈረደበትና በዕለቱ በጊዮቲን ተገደለ፡፡ አማቱም አብረው ሞቱ፡፡ ዕድሜው 50 ነበር፡፡ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ መንግሥት ፍርዱ ስህተት እንደነበር አምኖ ንብረቱን ለማሪ አን መለሰ፡፡

ቅቤ ከሙዝ፣ በርበሬ ከሸክላ ዱቄት ጋር ተደባልቆ ተሸጠ የሚል ወሬ በሰማን ቁጥር የምንሸወደው በዓይናችን ነው፡፡ ድብልቅ ዓይንን ያታልላል፤ ሚዛንንና ሙከራን ግን ማታለል ይከብደዋል፡፡

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ላይ የባዜቃውንና የጠመንጃውን ታሪክ ለልጄ ነገርኳት፡፡ ደብተሯ ላይ ከወርቅ አጠገብ ንጥረ ነገር ብላ ጻፈችና ጥቂት አስባ ከጎኑ እስካሁን የሚል ጨመረችበት፡፡ ወርቅ እንኳ በኬሚካል መንገድ አይከፈልም ብዬ ላስተካክላት ነበር፤ ተውኩት፡፡ መምህሯ ያርሟት፡፡ እኔ በእሷ ዕድሜ እንዴት ታወቀ ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር፡፡