ዶክተር ቅጣው እጅጉና የነጻ ትምህርት ዕድል

ዶክተር ቅጣው እጅጉ በ1940 ዓ.ም. በከፋ፣ በቦንጋ ከተማ ተወለዱ። በዚያ ዘመን በቦንጋም ሆነ ከኦሞ ወንዝ ማዶ በወላይታዋ ገሱባ ለተወለደ ልጅ መሐንዲስ መሆን ሩቅ ነገር ነበር። የምሕንድስና ኮሌጅ በሀገራችን የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1952 በአዲስ አበባ ሲሆን፣ የዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ደግሞ እስከ እ.ኤ.አ. 1978 ድረስ አልተቋቋመም። ስለዚህ በምሕንድስና የማስተርስ ዲግሪ ለማግኘት የሚሻ ወጣት ባሕር ተሻግሮ ከመማር በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም። ባሕር መሻገር ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። በጠፈር ምሕንድስና ስማቸው የታወቀው እኒህ ሰው ይህን መሰናክል ያለፉበት መንገድ ለሙያው ባልደረቦች ሁሉ ሊታወቅ የሚገባው ነው።

የመጀመሪያው በር የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ነበር። ይህ ተቋም በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተመሠረተ ሲሆን፣ በእርሻ መሣሪያዎች፣ በብረታ ብረት፣ በኤሌክትሪክ፣ በጨርቃ ጨርቅና በመሳሰሉት ሙያዎች ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። ቅጣው ከዚያ ተመርቀው ጥቂት ጊዜ በሥራ ዓለም ቆዩ። ነገር ግን ተቋሙ በዚያን ጊዜ ይሰጥ የነበረው ዲፕሎማ እንጂ ዲግሪ አልነበረም። ማስተርስ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አስቀድሞ የመጀመሪያ ዲግሪ መጠየቁ የታወቀ ነው። ስለዚህ ዲፕሎማ የያዘ ሰው ወይ ባለበት ይወሰናል፣ ወይም ዓመታት ጨምሮ ረጅሙን መንገድ ለመሄድ ይቆርጣል። ቅጣው ረጅሙን መንገድ ተያያዙት።

ዕድሉ የተገኘው ከጃፓን ነበር። የጃፓን መንግሥት ለውጭ ሀገር ተማሪዎች ነጻ የትምህርት ዕድል መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ዕድሉ የትምህርት ክፍያን፣ የአውሮፕላን ጉዞንና የወር መተዳደሪያን የሚሸፍን ስለሆነ፣ ተማሪው ለዚህ ብሎ ብድር አይገባም። አሠራሩ ግን ትዕግሥትን ይፈትናል። አመልካቹ የትምህርት ማስረጃውን፣ የሐኪም ምስክር ወረቀቱንና የድጋፍ ደብዳቤውን ለኤምባሲው ያቀርባል፤ በጽሑፍ ይፈተናል፤ በቃልም ይጠየቃል። ኤምባሲው የመረጣቸው ስሞች ደግሞ ቶኪዮ ላለው የትምህርት ሚኒስቴር ተልከው እንደገና ይመረመራሉ። ለማስተርስ የሚሄደው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በተመራማሪ ተማሪነት ይጀምርና፣ የዩኒቨርሲቲውን የመግቢያ ፈተና ሲያልፍ ብቻ የማስተርስ ተማሪ ይሆናል። ከዚህ እንደሚታየው ገንዘቡን ማግኘትና ትምህርቱን ማግኘት ሁለት የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው፤ አንዱን ያለፈ ሌላውን አለፈ ማለት አይደለም።

ቅጣው በመጀመሪያ በኦሳካ የጃፓንኛ ቋንቋ ተማሩ። በሦስት ዓይነት ፊደል የሚጻፈውን ይህን ቋንቋ አጥንቶ በእርሱ የመካኒክስንና የሂሳብን ትምህርት መከታተል ለኢትዮጵያዊ ወጣት ቀላል ድካም አልነበረም። የትምህርት ክፍያውን መንግሥት ቢችለውም፣ ይህን ዋጋ የሚከፍለው ተማሪው ራሱ ነበር። ከዚያም ወደ ሂሮሺማ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ሂሮሺማ እ.ኤ.አ. በ1945 በአቶሚክ ቦምብ ከወደመች በኋላ ዳግመኛ የተገነባች፣ የማዝዳ አውቶሞቢሎች የሚሠሩባት የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። ቅጣው በዚህች ከተማ የምሕንድስና ትምህርታቸውን እስከ ማስተርስ ዲግሪ አደረሱ።

ከጃፓን ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ በጠፈር ምሕንድስናም ለዶክትሬት በቁ። የአሜሪካው አሠራር ከጃፓኑ ይለያል። በዚያ የድኅረ ምረቃ የምሕንድስና ተማሪ ብዙውን ጊዜ በረዳት መምህርነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት እየሠራ ክፍያው ይሰረይለታል፤ መተዳደሪያም ያገኛል። ስለዚህ ማመልከቻውን የሚወስነው የፕሮፌሰሩ የምርምር በጀትና የአመልካቹ ያለፈ ሥራ ነው። ማስተርስ የያዘ ሰው በዚህ ረገድ ባዶ እጁን አይቀርብም። የሂሮሺማው ዲግሪ ለኦክላሆማው መወጣጫ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከትምህርት በኋላ ዶክተር ቅጣው በሮክዌል ኢንተርናሽናልና ከአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ከናሳ ጋር በተያያዘ ሥራ በሳተላይትና በጠፈር መንኮራኩር ምሕንድስና አገለገሉ። ሮክዌል የአሜሪካን የጠፈር መንኮራኩሮች የገነባ፣ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የተመጠቁትን የመጀመሪያዎቹን የጂፒኤስ ሳተላይቶችም የሠራ ኩባንያ ነበር። በኋላም የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ በስደት ሆነው በኢትዮጵያ ፖለቲካ ተሳተፉ። በጥር ወር 1998 ዓ.ም. በ57 ዓመታቸው አረፉ።

የዚህ ሕይወት ሒሳብ ቢወራረድ አሳሳቢ ነገር ይታያል። ባሕር ዳርን ሶቪየት ኅብረት ረድታለች፤ ዲግሪውን ጃፓን ከፍላለች፤ የሥራ ዘመኑን ፍሬ የወሰደችው ግን አሜሪካ ናት። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ለትምህርት ከወጣው ትውልድ ብዙው እንዳልተመለሰ ይታወቃል። የጠፈር ሥራ ዕውቀት ደግሞ በአሜሪካ ሕግ ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግበት ስለሆነ፣ ባለቤቱ ልመለስ ቢል እንኳ በሻንጣ ይዞት የሚመጣ ዕቃ አይደለም።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። የገሱባ ልጅ በ1999 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ወይም በአርባ ምንጭ የመጀመሪያ ዲግሪውን እቅርቡ ሊያገኝ ይችላል። የጃፓን መንግሥት ዕድል ከ35 ዓመት በታች ለሆኑ ተመራማሪ ተማሪዎች አሁንም ክፍት ነው፤ የጀርመንና የአውሮፓ ኅብረት ዕድሎችም ተጨምረዋል። የማመልከቻው መንገድ ከቅጣው ዘመን ይልቅ ቀንቷል። ያልተቃለለው ጥያቄ ሌላው ነው፤ ይኸውም ተምሮ የሚመለሰውን መሐንዲስ የሚጠብቀው ቤተ ሙከራና የሥራ ቦታ የቱ ነው የሚለው ነው። የነጻ ትምህርት ዕድል ሰውን ይልካል እንጂ አይመልስም። የሚመልሰው በሀገር ቤት ተዘጋጅቶ የሚቆየው ሥራ ስለሆነ፣ ይህን ማዘጋጀት የላኪው መሥሪያ ቤትና የሙያ ማኅበር ድርሻ ነው።