አስቴር ጋኖ፤ ቃሉን በእናትዋ ቋንቋ የፈታች

መጽሐፍን መፍታትና ማስረዳት ለወንዶች ብቻ የተሰጠ ሥራ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን የሐዋርያት ሥራን 18ኛ ምዕራፍ ያነበበ ሁሉ፥ አጵሎስ የሚባለው አዋቂና አንደበተ ርቱዕ ሰው የእግዚአብሔርን መንገድ አጥርቶ የተማረው ከአቂላና ከሚስቱ ከጵርስቅላ እንደ ሆነ ያውቃል። እንዲህ ያለችው ሴት በሩቅ አገር ብቻ የተገኘች አይደለችም። በእኛም አገር አስቴር ጋኖ ነበረች፤ ኑሮዋንም ማወቅ ለክርስቲያን ጠባይ ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቴር በ1872 ገደማ ከኦሮሞ ወገን በነፃነት ተወለደች። ነገር ግን ገና ልጅ ሳለች የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት፤ ከዚያም ነጋዴዎች ወደ ባሕር አወረዱአት። በ1886 ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ስትሻገር፥ የኢጣልያ መርከብ ጀልባይቱን ያዘ፤ በውስጥዋ የነበሩትም ባሮች ነፃ ወጡ። አስቴርንም በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ተቀበላት። አባትና እናት፥ አገርና ዘመድ የተወሰደባት ይህች ልጅ ሊወስዱባት ያልቻሉት አንድ ሀብት ቀርቶላት ነበረ፤ እርሱም የእናትዋ ቋንቋ ነው።

በዚያ ትምህርት ቤት ኦነሲሞስ ነሲብ ነበረ። እርሱም በልጅነቱ ተሽጦ በ1870 ነፃ የወጣ፥ በ1872 የተጠመቀ፥ በስዊድንም የተማረ ሰው ነው። የቀድሞ ስሙ ሂካ ነበረ፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ተነሥቶ ሳለ አንድ ችግር አገኘው፤ ከወገኑ የተለየው በሕፃንነቱ ስለ ሆነ የቋንቋውን ጥልቀት አልያዘም ነበረ። ሕፃን ከቤት ሲወጣ የጨዋታንና የምግብን ቃል ይዞ ይወጣል፤ የኪዳንን፥ የርስትን፥ የዕርቅንና የኀዘንን ቃል ግን ከሽማግሎችና ከእናቶች ጋር ተቀምጦ ያደገ ነው የሚያውቀው።

ኦነሲሞስም አስቴር ብሩህ አእምሮና ለቋንቋው ልዩ ስሜት ያላት መሆንዋን ዐወቀ፤ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላትም እንድታዘጋጅ ሥራ ሰጣት። በ1893 የታተመው የኦሮምኛ አዲስ ኪዳን በእርስዋ ዕውቀት ታረመ። እርስዋም ተረትና ምሳሌ፥ እንቆቅልሽና ዘፈን፥ 500 ያህል ሰብስባ ጻፈች፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪዎች በወጣው የንባብ መጽሐፍ ታተሙ። አንዳንድ ሰው ይህን ከወንጌል ሥራ የራቀ ነገር አድርጎ ይቈጥረው ይሆናል። ነገር ግን ሕዝብ በሰርጉና በልቅሶው እንዴት እንደሚናገር ያላወቀ ሰው የጌታን ምሳሌዎች ለዚያ ሕዝብ ልብ በሚገባ ቃል ሊፈታ አይችልም። አስቴር የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ የያዘ መጽሐፍም ተረጐመች። የመላው መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም በ1897 ተፈጸመ፤ በ1899ም በግዕዝ ፊደል በስዊስ አገር ታተመ።

ወደ ወገኖቻቸው የሚወስደው መንገድ ለብዙ ዓመት ተዘግቶባቸው ነበረ። በ1904 አስቴርና ኦነሲሞስ ከሌሎች ጋር ወደ ወለጋ ገቡ፤ እርስዋም በነጆ አስተማሪ ሆነች። በባርነት ከአገርዋ የወጣችው ሴት መጽሐፍ ይዛ ለወገኖችዋ ልጆች ፊደል ልታስቈጥር ተመለሰች። ኦነሲሞስ በ1931 ዐረፈ፤ አስቴርም በ1964 ዐረፈች።

በተርጓሚነት የታወቀው ግን የኦነሲሞስ ስም ነው። የአስቴር ድርሻ ለብዙ ዘመን ተሸፍኖ ኖረ፤ የወንጌላውያንን ታሪክ የጻፈው ጉስታቭ አሬን በ1978 ባወጣው መጽሐፍ ነገሩን ገለጠ። እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ፥ ሁለት ነገር ለይተህ አስተውል። ስምን ሳይሹ መሥራት ትሕትና ነው። የሌላውን ድካም በልቶ ስሙን መደበቅ ግን ትሕትና አይደለም፤ የሠራተኛን ደመወዝ እንደ ማስቀረት ያለ በደል ነው። ለአስቴር ምስጋና የሆነው ዝምታ ለእኛ ሰበብ አይሆነንም።

በአዘና ያለን ሰዎች ይህን ከሌሎች ይልቅ ልናስተውለው ይገባናል። በብዙ ቤት እናት ልጅዋን የምታሳድገው በአገውኛ ነው፤ ስብከት ግን ብዙ ጊዜ በአማርኛ ይሰማል። እንግዲህ ምዕራፉን በአማርኛ ያነበበ ተማሪ ማታ ከምድጃው አጠገብ ሲቀመጥ እናቱን ይጠይቅ፤ ይህን ቃል በእኛ አፍ ምን ትይዋለሽ ብሎ መልስዋን ይስማ። ባልም ሚስቱ ስለ መጽሐፉ ስትናገር አያቋርጣት። አባትም ልጁን እንስራ ተሸክማ ወንድምዋ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ እንድታይ አያድርጋት፤ እርስዋንም ይላካት። እግዚአብሔር መጽሐፉን ለአንድ ታላቅ ሕዝብ ለመስጠት ለገበያ ተጭና የነበረችን ልጅ ከመረጠ፥ በቤታችን ያለችውን ልጅ የምንንቅ እኛ ማን ነን?