አቶ ይልማ ዴሬሳና የአምስት ዓመቱ ዕቅድ

አቶ ይልማ ዴሬሳ ወለጋ ተወልደው፣ በለንደን የኤኮኖሚክስ ትምህርት ተምረው፣ በወረራው ዘመን ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው፣ ተማርከውም በኢጣልያ የታሰሩ ሰው ነበሩ። ከነጻነት በኋላ፣ በ1935 ዓ.ም.፣ ለአገራቸው ርዳታ ለመጠየቅ ወደ ዋሽንግተን ተላኩ። ኋላም የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው ሲሠሩ የአምስት ዓመት ዕቅዶች ወጥተዋል።

ዕቅዱ መንገድና የኃይል ማመንጫ ይጠይቃል፤ ብድሩ ከውጭ ቢገኝም ዕዳው የሚከፈለው ከአገር ውስጥ ገቢ ነው። ስለዚህ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። የጎጃም ገበሬ ግን ልኬቱን ርስቱን መንጠቂያ ነው ብሎ ጠረጠረ፤ ዐመፀም። መንግሥትም የኋላ ኋላ ውዝፉን ግብር ለመማር ተገደደ።

በዚያው ዓመት በአርሲ ደጋ፣ መቀመጫውን አሰላ ያደረገው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ በስዊድን ርዳታ ሥራ ጀመረ። መጋቢ መንገድ ተጠረገ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ገባ። ምርቱ ሲጨምር ግን መሬቱ ተወደደ፤ ባለመሬቱ በትራክተር ማረስ ጀመረ፣ ብዙ ጭሰኛም ተፈናቀለ። ጭሰኛውን ይጠብቃል የተባለውም የሕግ ረቂቅ በፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረ።

አቶ ይልማ በ1971 ዓ.ም. ዐረፉ። ጎጃም ላይ ከፋዩ አልታመነበትም፤ ጭላሎ ላይ ተጠቃሚው ዋስትና አላገኘም። እኛ መሐንዲሶች የጠጠሩን መጠን ከመቁጠራችን አስቀድሞ፣ መንገዱን ማን እንደሚከፍልበትና ዳሩ ላይ ማን እንደሚቀር መጠየቅ ይገባናል።