ሚሽካ ባቢቼፍና የደጋው ሰማይ

በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም የናፍጣ ወፍጮ የተከለ ባለሙያ እንደሚያውቀው፣ ሞተር ፋብሪካው የጻፈለትን ጉልበት በዚያ አይሰጥም። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ግድም ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ሳስቷል፤ ሲሊንደሩ የሚስበውም አየር በክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ይህንኑ የተፈጥሮ ሕግ በአየር ላይ ከተጋፈጡት የመጀመሪያ ኢትዮጵያውያን አንዱ ሚሽካ ባቢቼፍ ናቸው።

ሚሽካ በ1901 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው በአገራችን የፊታውራሪነት ማዕርግ ያገኙ ሩሲያዊ መኮንን ሲሆኑ እናታቸው ኢትዮጵያዊት ነበሩ። የመጀመሪያው አውሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ፈረንሳውያን መምህራን ትምህርት ጀመሩ፤ በ1923 ዓ.ም. ግድም ሚሽካና አስፋው ዓሊ ብቻቸውን ለመብረር በቁ።

የዚያ ዘመን ቀላል አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ራዲያል የሚባለውን ሞተር ይጠቀሙ ነበር። የጣሊያኑ ፊያት ኤ 50 እና የቼኩ ዋልተር ቬኑስ 7 ሲሊንደሮቻቸውን በክብ ዙሪያ እንደ ኮከብ የደረደሩና በነፋስ የሚቀዘቅዙ፣ ጉልበታቸውም 100 የፈረስ ጉልበት ገደማ የሆነ ነበሩ። የውኃ ማቀዝቀዣ ስለሌላቸው ክብደታቸው አነስተኛ ነው፤ በሳሳ አየር ግን ይዳከማሉ። ስለዚህ የደጋ አብራሪ ጭነቱን መቀነስ፣ መንደርደሪያውን ማስረዘም፣ ቤንዚኑንም ከአየሩ ጋር ማመጣጠን ነበረበት።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን የአየር ኃይሉ አዛዥ ሚሽካ ነበሩ። ጥቂቶቹ አውሮፕላኖች ለውጊያ የማይበቁ ስለነበሩ መልእክተኛና መድኃኒት ያመላልሱ ነበር። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ዋልተር ቬኑስ የተገጠመላትን «ፀሐይ» የተባለች አውሮፕላን በአቃቂ ሠራ። የ115 የፈረስ ጉልበት ሞተሯ በአዲስ አበባ ከፍታ 90 ያህል ብቻ ይቀረው ነበር።

አዲስ አበባ ስትያዝ «ፀሐይ» ተማርካ ወደ ጣሊያን ተወሰደች። የበረራው ሥራም ተቋረጠ፤ ከነጻነት በኋላ በስዊድናውያን ረዳትነት ከመሠረቱ እንደ አዲስ ተጀመረ። ሚሽካ በኋላ በሞስኮ በዲፕሎማትነት አገልግለው በ1957 ዓ.ም. ዐረፉ።

«ፀሐይ» ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ በይፋ ተመልሳለች። አውሮፕላኗን ለመመለስ ድርድር በቃ፤ ለተበተነው ሙያ ግን ሌላ ትውልድ ከሀ ብሎ መማር ግድ ሆኖበት ነበር። ሞተር ስንገዛ የሚጠግነውንና ከፍታችንን የሚያሰላውን ሰው አብረን እናዘጋጅ ዘንድ የሚሽካ ሕይወት ያሳስበናል።